ልኩማ ልክ ነው

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። ጥላው ስለሚስማማኝ አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይዬን ይዤ እዚያ እቀመጣለሁ። በበልጉ ዝናብ መሀል አንድ ነጭ ሀርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ጭቃ ለብሶ ገባ። በሩ ላይ የመሥሪያ ቤት ስም አለ፤ የማን እንደሆነ ልተወውና ስለ ጎማዎቹ ልንገራችሁ። የፊቶቹ ሁለቱ የአስፋልት ናቸው፣ ጥርሳቸውም ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። የኋላ ግራው ጥርሰ ትልቅ የጭቃ ጎማ ነው። የኋላ ቀኙ ከሌላ ፋብሪካ የወጣ፣ ቁመቱም ከጓደኛው ሁለት ጣት የሚያንስ። የስኮርታው ሽቦ ወጥቷል። ሾፌሩ ወርዶ እግሩን እያፍታታ ከጨንቻ ማዶ ካለ ቀበሌ መምጣቱን ነገረን፤ ጎረቤት ደርሶ እንደተመለሰ ሰው።

«እንዴት ነው እንዲህ የሚገዛላችሁ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኛ ጎማ ብለን እንጠይቃለን፣ እነሱም ጎማ ይገዛሉ» አለኝ።

ለእኔ ብሎ ባይናገረውም ያገኘው እኔን ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ የግዥ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ለአንድ ፒክ አፕ አራት ጎማ ያስፈልጋል ተባለ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ዝቅተኛው ዋጋ ተመረጠ። ጎማው ሲመጣ አንዳችን «ልኩ ልክ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ጎንበስ ብሎ 265/70 አር 16 የሚለውን አነበበና «ልኩማ ልክ ነው» አለ። ፈረምን። በሞዴል 19 ገባ፣ በሞዴል 22 ወጣ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ስህተት አልነበረችም። አምስት ወር ሳይሞላ የሁለቱ ጎን በድንጋይ ተቀደደ። ከልኩ ቀጥሎ የተጻፈውን ያነበብነው ያን ጊዜ ነው፤ ያውም ያነበበልን ጎሚስታው ነው።

ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር አንዱ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት ይናገራል። 112 የሚል ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል፤ 121 የሚል ደግሞ ንፋሱ በሚገባው መጠን ከተሞላ 1,450 ኪሎ። ሁለቱም 265/70 አር 16 ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ በአንድ ጎማ 330 ኪሎ ነው፤ በአራት ሲባዛ የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ክብደት ያህላል። እኛ የፈረምንበት ቀላሉ ነበር፣ መኪናው ግን ሲሚንቶና የመስክ ሠራተኛ ጭኖ የሚወጣ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ዲኦቲ ከሚሉት የላቲን ፊደሎች በኋላ የረድፉ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ከሆነ ጎማው የተሠራው በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ ግንቦት 2011 መጨረሻ ገደማ ማለት ነው። ብዙ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢተርፍም እንዲወርድ ይመክራሉ። የኛዎቹ ለእኛ አዲስ ሆነው ሲመጡ ከፋብሪካ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጥቁር ስለሆኑና ስለሚያብረቀርቁ አዲስ መሰሉን።

ይህ ስህተት ሜዳ አገር ላይ ቢሠራ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ሆኖ ይቀር ይሆናል። ጋሞ ዞን ግን ለጎማ የሚራራ አገር አይደለም። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የግራር እሾህና ሙቀት ያለበት። ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያም ወዲያ የጉጌ ተራራ ከ4,000 ሜትር አልፎ ይሄዳል። ሾፌር ጠዋት ሲቀላ ላይ ሸሚዙን አውልቆ የሚነሳበት መንገድ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጃኬት ያስለብሰዋል። ዳገቱ ላይ ቀይ አፈር ነው፤ ሲደርቅ አቧራ፣ ሲዘንብ ሳሙና። በቦንኬም በካምባም በዲታም በኩል ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌ ሲገባ ኮረኮንቹ ይጀምራል።

ነጭ ሳርን ደግሞ ያየ ያውቀዋል። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ሜዳው ለመድረስ የዓባያንና የጫሞን ሐይቆች የሚለየውን የእግዜር ድልድይ ማለፍ ያስፈልጋል። ያ ከፍታ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ጠርዙ እንደ ቢላ። ድንጋዩን አልፈው ሜዳው ላይ ሲወርዱ አፈሩ ዋልካ ይሆናል፤ ዝናብ ከነካው ጎማውን ይለብሰውና ጥርሱን ደፍኖ ላጣ ያደርገዋል። የሜዳ አህያ ለማየት የሄደ ቱሪስት የሚያየው የሾፌሩን አካፋ ነው።

ታዲያ ምን ጎማ ይገዛ? ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አለ ቢባል ብዙ አያሳስትም። ኤችቲ የሚባለው ለአስፋልት ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ጎኑ ስስ። ኤምቲ የጭቃ ነው፤ ጥርሱ ትልቅና የተራራቀ፣ ጭቃውን እየተፋ የሚሄድ። ኤቲ የሁለቱ መሀል ነው። የከተማችን ጎረምሶች የሚወዱት ኤምቲን ነው፣ መኪናውን ግርማ ሞገስ ይሰጠዋልና። ከሲቀላ ሴቻ፣ ከሴቻ ሲቀላ አራት ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ እየጮኸ ሲመላለስ እሰማዋለሁ። ውበቱን አልነፍገውም። ግን ክብደት ይጨምራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ እንደ ኤቲ አይቆነጥጥም። መንገዳቸው ግማሽ አስፋልት፣ ግማሽ ኮረኮንች ለሆነ የወረዳ መኪኖች ጠንካራ ጎን ያለው፣ ሸክም የሚችል ኤቲ ይበቃል ባይ ነኝ። ኤምቲ የሚገባው ዓመቱን ሙሉ ከጭቃው ለማይወጣ ነው።

የንፋሱን ነገር ሳነሳ አንድ የሚያስደንቀኝ አለ። ተራራ በወጣን ቁጥር የውጩ አየር ስለሚሳሳ የጎማው ግፊት ይጨምራል፤ ከአርባ ምንጭ ጨንቻ ድረስ ሁለት ፒኤስአይ ገደማ። ብርዱ ደግሞ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ቆሞ ለቀዘቀዘ ጎማ ተራራው የሰጠውን ብርዱ ይወስድበታል ማለት ነው። ስለዚህ «ተራራ ልወጣ ነው» ብሎ ሲቀላ ላይ ንፋስ የሚያስወጣ ሾፌር በከንቱ ነው የሚያስወጣው። ለጭቃና ለአሸዋ ከሆነ ግን ያስወጣ፤ አስፋልት ሲደርስ መልሶ መሙላቱን ካልረሳ።

አሁን ወደ ባላንስ ልምጣ፤ ከሁሉ የባሰ የተናቀው እሱ ነው። መሪ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው «አላይመንት ይሠራልኝ» ይላል። አላይመንት ጎማው የሚያይበት አቅጣጫ ነው፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲጎትት ወይም ጎማው በአንድ ጠርዙ ሲበላ እሱን መጠርጠር ነው። ባላንስ ደግሞ ክብደቱ ዙሪያውን እኩል መሆኑ ነው። ከምዕራብ ዓባያ ወደ አርባ ምንጭ በቀጥታው መንገድ ፍጥነት ሲጨመር መሪው የሚርገፈገፍ፣ ሲቀነስ የሚተው ከሆነ በሽታው ባላንስ ነው። መሪው ጸጥ ብሎ ወንበሩ ከተንቀጠቀጠ የኋላዎቹን ማየት ነው፤ ብዙ ቦታ ግን የሚሠሩት የፊቶቹ ብቻ ናቸው።

ትንሽ ስሌት ታግሳችሁ ስሙኝ። የሀርድ ቶፕ ጎማ ውጭ ጠርዝ ላይ 40 ግራም ቢያጋድል፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማውን ሁለት ኪሎ በሚያህል ኃይል ይጎትተዋል። በ100 ሲሄድ አራት እጥፍ፣ ማለትም ስምንት ኪሎ። ጎማው በዚያ ፍጥነት በሴኮንድ 11 ጊዜ ያህል ስለሚዞር መኪናውን በሴኮንድ 11 ጊዜ በስምንት ኪሎ መዶሻ እንደ መምታት ነው። የመሪው መገጣጠሚያና ኩሽኔታው የሚያልቁት እንዲህ ነው።

የእኛ አገር ባላንስ ደግሞ የራሱ ጠላት አለው፤ ጭቃ። ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ የተመለሰ መኪና ቸርኬው ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ቀይ አፈር ይዞ ይመጣል፣ ያም ሌሊቱን እንደ ጡብ ይደርቃል። ጠዋት አስፋልት ላይ ሲወጣ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ ባላንስ ቤት ይሮጣል፣ ማሽኑም የጭቃውን ክብደት ቆጥሮ እርሳስ ያስለጥፈዋል። ከሦስት ቀን በኋላ ጭቃው ይረግፍና እርሳሱ ብቻውን ይቀራል፤ ያለ በሽታ የተሰጠ መድኃኒት። መጀመሪያ ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ማጠብ ነው። ሁለተኛ፣ የሀርድ ቶፕ ቸርኬ የመሀል ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ የማሽኑ ማቀፊያ ለእሱ የሚሆን ካልሆነ ጎማው ወዲያ ወዲህ ብሎ ይቀመጣል፣ የሚነበበውም ቁጥር ውሸት ነው። ጥሩ ባለሙያ ጎማውን ፈትቶ፣ ግማሽ ዙር አዙሮ እንደገና ያስረውና ቁጥሩ ያው መሆኑን ያያል። እንዲያደርግላችሁ ጠይቁት፤ አይቀየማችሁም።

ስለዚያ ሁለት ጣት ስለሚያንሰው ጎማም ልናገር። ሀርድ ቶፕ ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው አክስል አንድ ላይ ይታሰራሉ። የፊትና የኋላ ጎማዎች ቁመታቸው ከተለያየ በአንድ ዙር እኩል መንገድ አይሄዱም፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ያስታርቃቸዋል። ጠጠር መንገድ እየደረቀ ሲሄድ ግን ሸክሙ ወደ ካምቢዮው ይዞራል። ካምቢዮ ሲሰበር ሪፖርቱ «የእርጅና ብልሽት» ይላል።

በጀት የለም የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፣ ውሸትም አይደለም። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጎማ ዋጋው የት እንደደረሰ የገዛ ያውቃል። ግን ውድ የሆነ ነገር ነው እየተነበበ የሚገዛው። አምስቱንም ጎማ፣ ስኮርታውን ጨምሮ፣ በየ10,000 ኪሎ ሜትር ቦታ ማቀያየር ወጪው የጎሚስታው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ያኔ አምስቱ እኩል ያልቃሉ፤ ስኮርታውም መኪናው ጀርባ ላይ ተሰቅሎ አያረጅም።

ለየወረዳው የታደሉት አምቡላንሶች ብዙዎቹ እነዚሁ ሀርድ ቶፖች ናቸው። ምጥ የያዛት እናት ከደጋው ቀበሌ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርድ ከእሷ ጋር የሚወርዱት ነርሷ፣ ሾፌሩና እኛ የፈረምንበት ጎማ ነው። የግዥ ኮሚቴ አባል የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ፕሮፎርማ ስትጠይቁ «ጎማ፣ ብዛት አራት» ብላችሁ አትተዉት። ዓይነቱን፣ የሚሸከመውን ክብደት፣ ከተሠራ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ መሆኑን ጻፉ፤ ማሰርና ባላንስ ማድረግን ዋጋው ውስጥ አስገቡ። ርክክቡ ላይም ሾፌሩ ይኑር።

የዚያ ነጭ መኪና ቸርኬ ሲታጠብ መንቀጥቀጡ ተወው፤ የቀኝ ፊቱም ተለጥፎ ታሰረ። ሾፌሩ ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከተተና በማግስቱ ጠዋት ወደዚያው ቀበሌ እንደሚመለስ ነገረኝ። ስኮርታው ያው ሽቦው የወጣው ነው።