እብዱ ፈላስፋ፣ እብዷ መሳቂያ

እያዩ ፈንገስን የማያውቅ የዚህ ቻናል አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በረከት በላይነህ ጻፈው፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ ተጫወተው። ፌስታሉን አንጠልጥሎ ስለ አገር፣ ስለ ሥልጣን፣ ስለ እኛ ጉድ የሚያወራ እብድ ነው። ሰው ከፍሎ ገብቶ ሰማው። እኔም ወድጄዋለሁ። ግን እያዩ ሴት ቢሆን ኖሮ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማው ነበር?

እስካሁን ካየኋቸው ድራማና ፊልሞች የተረዳሁት ይህን ነው፤ ወንድ ሲያብድ አንደበት ይሰጠዋል። ጤነኛው ፈርቶ የዋጠውን እሱ ይተፋዋል፣ እኛም «እብድ ነው ብላችሁ ነው?» እያልን እናጨበጭባለን። ሴት ስታብድ ግን የሚሰጣት የተቀደደ ቀሚስና ከሰል የተቀባ ፊት ነው። ትስቃለች፣ ድንጋይ ታነሳለች፣ ወንድ ታባርራለች፣ በቃ። ያበደችበት ምክንያትም ያው ነው፤ ወይ ፍቅረኛዋ ከድቷት፣ ወይ ልጇ ሞቶባት። «ጨርቁን ጣለ» የምንለው አነጋገር ለወንዱ አባባል ብቻ ነው፤ ለሷ ሲሆን ደራሲዎቻችን ቃል በቃል ያስጥሏታል።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው ሐምሌት ውስጥ ልዑሉ እብድ መስሎ ሲፈላሰፍ ያመሻል፤ የምሯን ያበደችው ኦፊሊያ ዘፍና፣ አበባ አድላ፣ ውኃ ውስጥ ታልቃለች። በቻይና ኦፔራ ደግሞ ዣኦ ያንሮንግ የምትባል ገጸ ባሕርይ አለች። ንጉሡ ሊያገባት ሲፈልግ ፊቷን ቧጭራ፣ ልብሷን ቀዳ እብድ ትመስልና ፊት ለፊት ትወርፈዋለች። ሴቲቱ አንደበት ያገኘችው እብደቱ የውሸት ስለሆነ ነው። በዚህ ሚና ዝናው የናኘው ሜይ ላንፋንግም ወንድ ነበር!

ይህን ሁሉ ያነሳሁት እዚሁ መካነ ሰላም ባየሁት አንድ የተማሪዎች ድራማ ምክንያት ነው። ያበደች ሴት ሆዷ ገፍቶ ትገባለች። «የማን ነው?» ይሏታል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡትን ወንዶች ተራ በተራ በጣቷ ትጠቁማለች። ሳቅ! ከፊት ወንበር ያሉት ትልልቅ ሰዎች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ልጆቹን አልወቅስም፤ በስልካቸው ሲያዩ ያደጉትን ነው የሠሩት። እኛ ግን ምን ላይ እንደሳቅን እንወቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 በአእምሮ ሕመም ምክንያት ድርጊቱን መረዳት ወይም መከላከል ያልቻለችን ሴት መድፈር ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ይናገራል። አዳራሹን ያሳቀው የዚህ ወንጀል ውጤት ነው።

«ቀልድ ነው፣ አታክብድ» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ። በዚህ በቦረና ብርድ በረንዳ ላይ የምታድር ሴት ነገ ሆዷ ቢገፋ ከተማው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? «የማን ይሆን?» ብሎ ይሳሳቃል እንጂ «ማን ደፈራት?» ብሎ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው ስንቱ ነው? ሐኪም ቤት ሊወስዳት የሚነሳውስ? አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ከዚህ ደጋ አዲስ አበባ ድረስ ማን ይዟት ይሄዳል? ለወንዱ እብድ ቢያንስ «ይናገር» የሚል አለው፤ እሷ ብትናገር እንኳ ቃሏን ማስረጃ ብሎ የሚቀበላት የለም፣ እብድ ናታ።

ለደራሲዎቻችንና ለትምህርት ቤት የድራማ ክበቦች የምለው አለኝ። ያችን ትዕይንት ከነሆዷ አስገቧት። ጥያቄውን ግን ለሷ አታቅርቡ፣ ለወንዶቹ አቅርቡ። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ይግባ።