ሲሸጥ አሜሪካ፣ ሲከሰስ እንግሊዝ!

ነገሩ የደረሰው አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የቁርጥራጭ ብረት ሠራተኛ ሥራው ላይ እያለ ማሽኑ የቀኝ እጁን አራት ጣቶች ቆረጣቸው። ማሽኑን የሠራው ማክንታየር የተባለ የእንግሊዝ አገር ፋብሪካ ነው። ዋጋው 24,900 ዶላር ነበር።

ሰውየው ምን ያድርግ? ጣቱን ባጣበት አገር ፍርድ ቤት ሄዶ ፋብሪካውን ከሰሰ። ፋብሪካው ግን ስለ ጣቶቹ ከመከራከሩ በፊት ሌላ ነገር አነሳ። የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም አለና ቁጭ! እንዴት ቢባል፣ ለአሜሪካ የሸጥኩት ኦሃዮ ባለው ወኪሌ በኩል ነው፤ ኒው ጀርሲ ቢሮም የለኝ፣ ሠራተኛም የለኝ ነው መልሱ። ወኪሉስ? እሱማ በዚያው በ2001 ከስሯል። እንግዲህ ተጎጂው ማንን ይያዝ?

የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሠራተኛው ፈረደለት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በሰኔ 2011 (አሁንም በፈረንጆቹ) 6 ለ 3 ሻረው። ከስድስቱ አራቱ፣ በዳኛ ኬኔዲ ብዕር፣ ፋብሪካው አሜሪካን በጠቅላላ ማለሙ አይበቃም፣ ኒው ጀርሲን ለይቶ ማለም ነበረበት አሉ። ጉድ እኮ ነው! ሃምሳውንም ግዛት የፈለገ ነጋዴ አንዱንም አልፈለገም ማለት ነው?

ዳኛ ብሬየር ከዳኛ አሊቶ ጋር ሆነው በውጤቱ ቢስማሙም ያን ያህል ርቀው አልሄዱም። ያነሱት ስጋትም የሚናቅ አይደለም። አንድ ተራ ሸክላ ሠሪ ለትልቅ አከፋፋይ ስኒ ሸጦ፣ አንዷ ስኒ ሃዋይ ደርሳ ብትገኝ እዚያ ድረስ ይጎተት ወይ? አይጎተት። ነገር ግን ሹማምንቱ አሜሪካ ድረስ እየመጡ በንግድ ትርዒት ላይ ማሽን የሚያሳዩ ፋብሪካ ምኑ ነው ሸክላ ሠሪ የሚያሰኘው? የኒው ጀርሲው ገዢ ማሽኑን ያየው ላስ ቬጋስ በተደረገ ትርዒት ነው። ዳኛ ጊንስበርግ ከሶቶማዮርና ከኬገን ጋር ሆነው የተቃወሙትም ይህንኑ ነው።

ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (ይሄ በኛ ነው) ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው ቦይንግ ማክስ 157 ሰዎች አለቁ። ቤተሰቦቻቸው ቦይንግን ቺካጎ ላይ ከሰሱ። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ያኔ እዚያ ስለነበር ሥልጣን የለህም የሚባል ዳኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ቦይንግ ለካሣው ኃላፊነቱን ሲቀበል፣ ከአሜሪካ ውጪ ያሉ ቤተሰቦችም እዚያው አሜሪካ እንዲካሰሱ ተስማማ። ግን እኮ ይህ የሆነው ተጎጂው የሠሪው ደጃፍ ድረስ ስለሄደ ነው። ስንቱ ነው ቺካጎ ድረስ ጠበቃ ማቆም የሚችለው?

በዚያው በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፎርድ ኩባንያን ሞንታናና ሚኔሶታ ላይ ትከሰሳለህ ብሎ 8 ለ 0 ፈረደበት። መኪኖቹ መጀመሪያ የተሸጡት ሌላ ግዛት ነው ቢልም አልሰሙትም፤ ሁለቱም ግዛቶች ውስጥ ያስተዋውቃል፣ ይሸጣል፣ ይጠግናል። የማክንታየር ውሳኔ ግን አልተሻረም። በሩን ከፍቶ የሚሸጠው ሲከሰስ፣ ወኪል ጀርባ የቆመው የውጭ ፋብሪካ አሁንም ይችን ውሳኔ መዝዞ ይከራከራል።