ድጎማው ለማን ነው?

የእርሻ ድጎማ ጥያቄ በመሠረቱ የሒሳብ መዝገብ ጥያቄ አይደለም። ሸክሙን ማን ይሸከማል፣ ፍሬውንስ ማን ይበላል የሚል የመደብ ጥያቄ ነው። በዚህ መልክ ካላነሣነው መልሱ ምንጊዜም ጉልበት ወዳለው ወገን ያደላል።

ታሪካችን የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ለአነስተኛው ገበሬ ለማድረስ ታቅዶ ነበር። ዳሩ ግን መሬቱ በባላባቱ እጅ በመቅረቱ፣ እርሻው ትርፍ ማስገኘት ሲጀምር ባለመሬቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አፈናቀለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ግንኙነት ከሥሩ ነቀለው። ሆኖም ግለ ሂስ ግዴታ ነውና፣ ቀጥሎ የመጣው የእህል ኮታ ገበሬውን ምርቱን ከገበያ በታች በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ማስገደዱን አንሸሽግም። ኮታው በ1982 ዓ.ም. እስኪቀር ድረስ የከተማውን ቀለብ የደጎመው ገበሬው ራሱ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. የማዳበሪያ ድጎማ ተነሣ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲያሻቅብ መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መደበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህም፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ማዳበሪያ በብር ሲሰላ ይበልጥ ተወደደ። በዚህ ሰዓት ድጎማውን በአንድ ጊዜ ማንሣት ድሃውን ገበሬ ለአራጣ አበዳሪ አሳልፎ መስጠት ነው።

እንዳለ ማስቀጠልም ግን ፍትሕ አይደለም። በኩንታል የሚሰላ ድጎማ ብዙ ለሚገዛው ብዙ፣ ጥቂት ለሚገዛው ጥቂት ይሰጣል። በአዋሽ ዳር የምትገኘውን መልካሳን እንመልከት። ዝናብ በሚያጥርበት በዚህ የስምጥ ሸለቆ ምድር፣ እርጥበት በሌለበት የተበተነ ማዳበሪያ ዕዳ እንጂ ምርት አይሆንም። ለዚህ አካባቢ ገበሬ ድርቅን የሚቋቋም ወይም ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ይቀድማል። በ1961 ዓ.ም. የተመሠረተው የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል «አዋሽ 1» የተባለውን ቦሎቄና «መልካሳ 2» የተባለውን በቆሎ የመሳሰሉ ዝርያዎችን አፍርቷል። ዘሩ ተባዝቶ ገበሬው ደጅ ካልደረሰ ግን የምርምሩ ድካም በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። ድጎማው ይታረም እንጂ አይጥፋ። ለአነስተኛው ገበሬ ቅድሚያ ይስጥ፤ እንደየአካባቢው ጠባይ ዘርን፣ ውኃንና ብድርንም ይጨምር፤ አከፋፈሉ በገበሬዎች ማኅበራት ፊት በይፋ ይነበብ። የሕዝብ ገንዘብ ሕዝብ በሚያየው መንገድ ካልተጓዘ፣ በስሙ የሚነግድበት አይጠፋም።