ስሜንን በሰይፍ ብቻ አትሳሉት



በከተማችን በኔታንያ ያሉ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ማታ ማታ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ምን እንደሚሠሩ በውል አያውቁም። አንዳንዱ ተኩስ ብቻ ይመስለዋል፤ ሌላው ቁማር እንዳይሆን ይሰጋል። ተኩስም ቁማርም ያልሆነ አንድ ዓይነት ጨዋታ ግን አለ። ልጁ አንድ ጥንታዊ መንግሥት ይይዛል፤ ግብር ይሰበስባል፣ ልጆቹን ይድራል፣ ከጎረቤት ንጉሥ ጋር ይዋዋላል ወይም ይዋጋል፤ ንጉሡ ሲሞት ወራሹን ሆኖ ይቀጥላል። እንዲህ እያለ መቶ ዓመታትን ይሻገራል። ከእነዚህ ታሪካዊ የስትራቴጂ ጨዋታዎች መካከል ስመ ጥር የሆነው «ክሩሴደር ኪንግስ» ይባላል፤ የሚያወጣውም በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም የሚገኘው ፓራዶክስ የተባለ ኩባንያ ነው። ሦስተኛው እትም የወጣው በ2020 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው ከ867 መጀመር ይችላል። በዚያ ዘመን ካርታ ላይ ስሜን የሚባል አገር አለ፤ ገዢውም አይሁዳዊ ነው። በኸፍጺባ ወይም በዶራ የሚኖር ልጅ ያንን ገዢ ሆኖ መጫወት ይችላል ማለት ነው።

ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። ልጆቻችን ስለ ወገናቸው የሚሰሙት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፕላን መሰላል ይጀምራል፤ በ1984 ዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ዘመቻ ሰሎሞን። በሱዳን መንገድ ያለቁብንን ለሚያስብ ሰው ያንን ታሪክ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ባዶ ገጽ ከሆነ፣ ልጁ ራሱን የሚያየው ተሸክመው እንዳመጡት ዕቃ ነው። ስለዚህ «ያንን ማሽን አጥፋው» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ልጁ ስሜንን ሲገዛ ማየት ደስ ይለኛል።

ጠቤ ከሌላ ነገር ጋር ነው።

ኩባንያው ለጨዋታው በየጊዜው ማሻሻያና ተጨማሪ ክፍል ያወጣል። በ2021 ለሰሜን አውሮፓ ሰዎች፣ በ2022 ለስፔንና ለፖርቱጋል ምድር፣ በ2023 ለፋርስ፣ በ2024 ለቢዛንታይን፣ በ2025 ደግሞ ለእስያ ሜዳ ፈረሰኞችና ለሩቅ ምሥራቅ አገሮች አውጥቷል። ለኢትዮጵያ ብሎ የለየው ክፍል ግን በእነዚህ ዓመታት አልወጣም። ወጣቶቻችን «የእኛስ ተራ መቼ ነው?» ብለው ቢጠይቁ እውነት አላቸው። ግን ሲመጣ ምን እንዲኖረው ይፈልጋሉ? ብዙውን ጊዜ የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ ብዙ ሠራዊት፣ ዮዲት ንግሥት ሆና፣ ከስሜን እስከ ኢየሩሳሌም የሚደርስ ግዛት። በሁለተኛው የጨዋታው እትም፣ በ2013 በወጣው ተጨማሪ ክፍል፣ አይሁዳዊ ገዢ የእስራኤልን መንግሥት መልሶ ማቆምና ቤተ መቅደሱን ማሠራት ይችል ነበርና፣ ያንኑ ከነሙሉ ክብሩ እንዲመለስላቸው ይሻሉ።

እስቲ ከዮዲት እንጀምር። ትውፊቱ በ10ኛው መቶ ዓመት አክሱምን አፈረሰች ይላል። አይሁዳዊት ነበረች ወይስ አልነበረችም በሚለው ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። «ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ» የተባለው ሌላ ጨዋታ በ2015 በስሟ ዘመቻ ሠርቶላታል፤ ልጆቹም ወደዋታል። ነገር ግን በአገር ቤት ይህ ታሪክ ሲነገር እኛን ለማመስገን አልነበረም። «ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለች የእናንተ ናት» እየተባለ እንደ ክስ ነበር የሚነገረው። አያቱ እንደ ስድብ የሰማችውን ታሪክ የልጅ ልጅ ዛሬ እንደ ሜዳልያ ሲያጠልቀው ደስ ሊለው ይችላል፤ ቢያንስ ግን አያቱን ይጠይቃት።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ታሪክ ማለት ግዛት ብቻ ከሆነ፣ የእኛ ታሪክ አጭር ነው። ዐምደ ጽዮን በ1332 ሠራዊቱን ወደ ስሜንና ወገራ ላከ። ዐፄ ይስሐቅ (ከ1414 እስከ 1429 ገደማ) መጣ። ሠርፀ ድንግል በ1579 ረዳኢ የተባለውን መሪ ስሜን ተራራ ድረስ ወጥቶ ወጋው። በሱስንዮስ ዘመን ደግሞ የቀረውም አበቃ። በጨዋታው ሕግ የመጨረሻዋ መሬት ስትወሰድ ጨዋታው ያልቃል፤ ስክሪኑ ይጠቁራል። አባቶቻችን ግን ዋናውን የሕይወት ትግላቸውን የጀመሩት ስክሪኑ ከሚጠቁርበት ቦታ ነው።

ትውፊቱ እንደሚለው ይስሐቅ ያመጣው ምርጫ ግልጽ ነበር፤ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይያዝ፣ ያልተጠመቀ ከርስቱ ይነቀል። ያ የማንወደው ስም እንኳ «ፈላሲ» ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል፤ አገር የሌለው፣ የሚንከራተት ማለት ነው። ርስት ያጣ ሰው ምን ያደርጋል? በሰው መሬት ላይ ያርሳል፤ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ሸማ ይሸምናል። ገበሬው ያለ እሱ ማረሻ አያርስም፤ ወታደሩ ያለ እሱ ጦር አይዘምትም፤ ሁለቱም ግን «ቡዳ» ይሉታል። በ17ኛው መቶ ዓመት ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ስትሆን ከገነቧት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩ፤ «አዝማች» የሚል ማዕረግ ያገኙም ነበሩባቸው። በ15ኛው መቶ ዓመት ደግሞ አባ ጸብራና፣ በትውፊት የንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ ልጅ ነው የሚባለው ጸጋ አምላክ፣ ምንኩስናን መሠረቱ፤ ጸሎቱንና ሥርዓቱን ያቆየልን በአብዛኛው ያ ወገን ነው። ይህ ሁሉ ያለ ንጉሥና ያለ ሠራዊት ነው። ሰይፍ ብቻ በሚቆጥር ጨዋታ ውስጥ ግን አንዱም ቦታ የለውም።

አሁን ግን በር ተከፍቷል። በመስከረም 2024 «ሮድስ ቱ ፓወር» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ፣ በ«ክሩሴደር ኪንግስ» መሬት የሌለው ሰው ሆኖ መጫወት ተቻለ። ተጫዋቹ ተከታዮቹን ይዞ ከአገር አገር ይዞራል፣ በእጁና በብልሃቱ ያድራል። ይህን ሳይ የመጀመሪያ ሐሳቤ «ይኸ እኮ የእኛ ነው» የሚል ነበር። ወጣቶቻችን መጠየቅ ያለባቸው ይህንን ነው፤ ግዛት ሳይኖረው የሚቀጥል ማኅበረሰብ። የይስሐቅ ምርጫ በስክሪኑ ላይ ይምጣ፤ ተጫዋቹ ርስቱን ወይም እምነቱን ይምረጥ፣ የትኛውንም ቢመርጥ ዋጋ ይክፈልበት። መነኩሴው ኦሪትን ይገልብጥ። ለንጉሡ ጦር የሚሠራው ቀጥቃጭ በንጉሡ ደጅ ምን ያህል ከለላ እንደሚያገኝ ይታሰብለት። በየዓመቱ ለስግድ ተራራ መውጣትም የሚቆጠር ነገር ይሁን።

እዚህ ላይ በቅርቡ የገባችሁ ቤተሰቦች በተለይ አስተውሉልኝ፤ ነገሩ እናንተን ይነካል። በጨዋታው ካርታ ላይ አንድ አገር ሃይማኖቱን ሲለውጥ ቀለሙ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ሕዝብ የቀድሞው ሕዝብ አይደለም። አለቀ። በእኛ ዘንድ ግን እንዲህ ሆነ ወይ? በረሃብ፣ በመሬት እጦት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በመጡት ሚሲዮናውያን ምክንያት የተጠመቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ግን በድሮው ስማቸው መጥራቱን አልተዉም፤ ዝምድናውም አልተቆረጠም። ከ2020 ጀምሮ በጹር እስራኤል ዘመቻ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጡት ከዚህ ታሪክ ውስጥ ነው የመጡት። ልጆቻቸው ስለ ማንነታቸው ከበቂ በላይ ተጠይቀዋል። አንድ ጨዋታ ደግሞ በቀለም ለውጥ «እናንተ ከታሪኩ ወጥታችኋል» እንዲላቸው አልፈልግም። የተጠመቀውንም ያልተጠመቀውንም የሚያያይዝ ክር በጨዋታው ውስጥ ይኑር። ከሠራዊቱ ብዛት ይልቅ እኔ የምለምነው ይህንን ነው።

«ጨዋታ ነው እኮ፤ ኩባንያው የሚሠራው ለገንዘብ ነው፤ ሽንፈትን ማን ይገዛል?» የሚሉኝ አሉ። ለገንዘብ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የእነዚህን ጨዋታዎች ወዳጆች የምታውቁ እንደሆነ፣ ትንሿንና የተከበበችውን አገር መርጦ መጫወት ለእነርሱ ትልቁ ደስታ ነው። ሁሉን የሚያሸንፍ ስሜን ቶሎ ይሰለቻል። ባይሰለችም ውሸት ነው፤ ከአውሮፕላን መሰላል የሚጀምረው ታሪክ እንደሚጎድለው ሁሉ ይህም ይጎድለዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልመለስ። ጨዋታው የእኛን እምነት ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቃላችሁ? «ሃይማኖት» ይለዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስም ነው፤ ሌሎቹ እምነቶች የየራሳቸው ስም ሲኖራቸው፣ የእኛ ሃይማኖት ስሙ ሃይማኖት ነው! እናቶች ይህን ሲሰሙ እንደሚስቁ አውቃለሁ። ይህ የሠሪዎቹ ክፋት አይደለም፤ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ቃሉን እንዲሁ ስለሚጠቀሙበት ነው። ስቲቨን ካፕላንና ጄምስ ኩዊሪን በ1992 ያወጧቸውን የመሳሰሉ ጠንካራ መጻሕፍት አሉ፤ ሠሪዎቹ እነርሱን ቢያነቡ ብዙ ይማራሉ። ነገር ግን የኢትዮጵያ ክፍል የሚወጣበት ቀን ቢመጣና ሠሪዎቹ ከጎረቤት ወሬ ቢቀዱስ? በዚህ ጨዋታ ሰው ጠንቋይ የሚሆንበት ምልክት አለ። ማጣፈጫ ይሆናል ብለው ያንን ምልክት በቀጥቃጩ ራስ ላይ ቢያደርጉት፣ «ቡዳ» የሚለው ስም ማጥፋት ከወገራ ተነሥቶ በስቶክሆልም በኩል ኔታንያ ባለው የልጃችን ክፍል ውስጥ ይገባል። ከወጣ በኋላ መጮኽ ጥቅም የለውም። አስቀድሞ መናገር ነው።

መናገር ብቻም አይደለም። እነዚህን ጨዋታዎች ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሊለውጧቸው ይችላሉ፤ «ሞድ» ይሉታል። ስም ማረም፣ ምርጫ መጨመር፣ አዲስ ታሪክ መጻፍ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ደብዳቤ ይቻላል። በሠራዊትም በዩኒቨርሲቲም ኮምፒዩተር የተማሩ ወጣቶች አሉን። ጨዋታው በዕብራይስጥም በአማርኛም አልተዘጋጀም፤ ለእነርሱ ግን እንግሊዝኛው አይከብዳቸውም። የሚጎድላቸው ሌላ ነገር ነው፤ ደምቢያ፣ ጃናሞራ፣ ጠለምት፣ በለሳ የሚሉት ስሞች ለእነርሱ በካርታ ላይ ያሉ ፊደላት ብቻ ናቸው። ለእናንተ ግን ወንዙ፣ ገበያው፣ የመቃብሩ ቦታ ናቸው። ዛሬ ማታ ልጁ ስሜንን ሲከፍት አጠገቡ ወንበር ሳቡና ካርታውን እዩት። የቱ ስም ተሳስቷል? የቱ መንደር ቀርቷል? ቄሱ ምን ተብለው ተጠርተዋል? ልጁ ይጻፈው፤ በዕብራይስጥም ይሁን በእንግሊዝኛ፣ እናንተ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ንገሩት።