ወንበሩ ወይስ የተቀማጩ ስም?

ወንበር በአማርኛ ከዕቃነት አልፎ የሥልጣን መጠሪያ ሆኖ የኖረ ቃል ነው። ዳኛው ራሱ «ወንበር» ይባል ነበር፤ የቅኔ መምህሩ ማስተማር ሲጀምር «ወንበር ዘረጋ» ይባልለታል፤ የተሻረውም «ከወንበሩ ወረደ» ይባላል። በዚህ ሁሉ አነጋገር ውስጥ የሚታየው ተቀማጩ ነው፤ ወንበሩን የሠራው ሰው ግን ፈጽሞ አይታወስም። ነገሩ በቋንቋ ልማድ ብቻ ቢወሰን ባልከፋ ነበር። ዳሩ ግን ስለ ጥንታዊ ወንበሮች የሚነገረውና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በዚሁ ልማድ የተቃኘ ነው። የአሮጌ ወንበር ክብር የሚለካው ማን እንደ ተቀመጠበት፣ ስንት ዘመን እንዳስቆጠረና በስንት ገንዘብ እንደ ተሸጠ በመቁጠር ሆኗል። እንዴት ተሠራ? ስለምንስ እስከ ዛሬ ዐይን አልጠገበውም? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ አመለካከት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ለጥበቡ ጠንቅ ነው።

ጠንቅነቱን በፈረንሳይ የደረሰው ነገር አጋልጦታል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ለቤተ መንግሥት እንደ ተሠሩ የተነገረላቸው ወንበሮች በታወቁ ነጋዴዎች እጅ አልፈው፣ ከፊሎቹም ለቬርሳይ ቤተ መንግሥት ተገዝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ምርመራ ግን ወንበሮቹ በዘመናችን የተሠሩ አስመሳዮች መሆናቸውን ገለጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ጉዳዩ በፍርድ ቤት ውሳኔ አገኘ። ጥፋተኛ ከተባሉት አንዱ ስለዚያ ዘመን ወንበሮች ትልቅ መጽሐፍ የጻፈ ሊቅ፣ ሌላው ደግሞ እጁ የተመሰከረለት እንጨት ጠራቢ ነበር። ማጭበርበር ወንጀል መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። እንጨቱ ያው፣ ጠረባው ያው፣ ቅርፁም ያው ሆኖ ሳለ የወንበሩ ዋጋ በአንድ ቀን እንደ ጉም በነነ። እንግዲህ ሲገዛ የነበረው ወንበሩ ነበርን? አልነበረም። የተገዛው የንጉሡና የንግሥቲቱ ስም ነበር።

ከስምና ከዋጋ ባሻገር ወንበርን በዘመናት መካከል የሚያኖረው ምንድን ነው? መልሱ ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከአናጢው መሥሪያ ቤት ይገኛል። በራይን ወንዝ ዳር፣ ቦፓርድ በተባለች ከተማ የተወለደው አናጢ ሚካኤል ቶኔት (እ.ኤ.አ. 1796–1871) አንድ የቆየ ችግር ያስጨንቀው ነበር። ከእርሱ በፊት ጎባጣ የወንበር አካል በአብዛኛው የሚገኘው ቀጥ ያለ እንጨት ጠርቦ በማጉበጥ ነበር። እንዲህ ሲደረግ ግን የእንጨቱ ጭረት ይቆረጣል፤ ጭረቱ የተቆረጠ እንጨት ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል፤ ተጠርቦ የሚጣለውም ብዙ ነው። ቶኔት ቢች የተባለውን የአውሮፓ ዛፍ በእንፋሎት እያለሰለሰ ማጉበጥን መረጠ። እንጨት ሲጎብጥ የውስጥ ጎኑ ይታመቃል፣ የውጭ ጎኑ ግን ይለጠጣል፤ መታመቁን ይችለዋል፣ መለጠጡን ግን አይችልምና ይሰነጠቃል። ስለዚህ በውጭ በኩል ቀጭን የብረት ዝርግ አስሮ እንጨቱን ከብረቱ ጋር አጎበጠው፤ መሰንጠቁም ቀረ።

ከዚህ ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1859 «ቁጥር 14» የተባለው ወንበር ተወለደ። መላ አካሉ 6 እንጨት፣ 10 ቪቴና 2 ዳዶ ነበር። ተፈታትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በ1 ሜትር ኪዩብ ሳጥን ይገባ ነበርና ባሕር ተሻግሮ በደረሰበት አገር በቀላሉ ይገጣጠም ነበር። እስከ 1930 ድረስ 50 ሚሊዮን ያህል እንደ ተሸጠ ይነገራል። ቅርፃ ቅርፅ አልተጠረበበትም፤ ወርቅም አልተቀባም። ጌጡ ራሱ የእንጨቱ ጉብጠት ነው፤ ጉብጠቱም ለጌጥ የተጨመረ ሳይሆን ጀርባን ለመደገፍ የመጣ ነው። የዘመናዊ ሥነ ሕንፃ መሪ የሆነው ለ ኮርቡዝዬ እ.ኤ.አ. በ1925 በፓሪስ ላሳየው ቤት የዚሁ ፋብሪካ ወንበሮችን የመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ወንበር ማንም ንጉሥ ስለ ተቀመጠበት አልከበረም፤ ተራው የቡና ቤት ደንበኛ ተቀመጠበት፣ ተመቸውም።

ይህን ፍርድ ለመመርመር ወደ ሩቅ አገር መሄድ ግዴታ አይደለም። የጅማ በርጩማ ሌላ ምስክር ነው። ቶኔት እንጨትን ሲያጎብጥ የጅማው ጠራቢ ግንዱን ፈልፍሎ ያወጣል። መቀመጫውና ሦስቱ እግሮቹ፣ መደገፊያ ያለው እንደ ሆነም መደገፊያው ጭምር፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ይወጣሉ። ምስማር የለም፣ ኮላም የለም። የወንበር በሽታ ከሁሉ በፊት የሚጀምረው ከመጋጠሚያው ነውና መጋጠሚያ የሌለው ወንበር አይላላም። እግሩ ሦስት መሆኑም የድህነት ምልክት አይደለም፤ ባለ አራት እግሩ ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ ሲንገዋለል ባለ ሦስቱ ሁልጊዜ ረግቶ ይቆማል። የተጎደጎደው መቀመጫውም የተቀማጩን ገላ ያውቃል። እነሆ ሁለቱ ወንበሮች በአሠራር ፈጽሞ አይገናኙም፤ በአስተሳሰብ ግን ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ለወለሉ፣ ለእንጨቱና ለሰው ገላ የተሰጡ ትክክለኛ መልሶች ናቸው። የማይሻር ውበታቸውም ይኸው ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ወገኖች ይነሣሉ። አንደኛው «ውበትን የሚሰጠው ዕድሜ ራሱ ነው፤ የእጅ ወዝ ያለሰለሰውን እንጨት አዲስ ዕቃ አይተካውም» ይላል። በእርግጥ የእጅ ወዝ ውበት አለው። ነገር ግን ወዙ የመጣው ሰው ሲቀመጥበት ስለ ኖረ ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት የኖረውም ስለ ተመቸው ነው። የማይመቸው ወንበር ዕድሜ ሳያገኝ ማገዶ ሆኗል። ዕድሜ እንግዲህ የመልካም አሠራር ውጤት እንጂ ምንጩ አይደለም። ይህን ያልተረዳ ገዢ ባለበት ገበያ አዲሱን በርጩማ በጢስ አጥቁሮ «ጥንታዊ» የሚል ሻጭ ቢበዛ ሊያስገርም አይገባም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የአሮጌ ዕቃ ዘመን አልፏል» ባይ ነው። በርጩማውን ወደ ጓሮ ጥሎ እግሩ የተቆለመመ፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ ግዙፍ ሶፋ ሳሎኑን ያጨናንቅበታል። ይህ ሰው ዘመናዊ የሆነ ይመስለዋል። ሶፋው ግን የፈረንሳይ ነገሥታት ወንበር ቅጂ፣ ያውም የቅጂ ቅጂ ነው! ከአሮጌው አመለጥሁ ሲል ከሁሉ በከፋው አሮጌ ላይ፣ ማለትም ለማዕረግ እንጂ ለሰው ባልተሠራው ላይ ተቀምጧል። ሰብሳቢውና ጣዩ ተቃራኒ መስለው ቢታዩም ሁለቱም የሚሰግዱት ለተቀማጩ ስም ነው።

የዚህ ስግደት ዕዳ የሚወድቀው በባለ እጁ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብ ተከልክሎ ነበር። ስድቡን አዋጅ ሊከለክል ይችላል፤ መዘንጋትን ግን አይከለክልም። ጠራቢው ስሙ ሳይመዘገብ ሲያልፍ በመሮው ጫፍ የነበረው ዕውቀት አብሮት ይቀበራል፤ ለሰብሳቢው የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን ጥንታዊውን በጭፍን ይቀዳ ማለት አይደለም። ከአንድ ግንድ አንድ በርጩማ ሲወጣ አብዛኛው እንጨት ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል፤ ዋንዛ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ይህን አሠራር ለብዙ ሕዝብ ማዳረስ አይቻልም። ሊወረስ የሚገባው ፍቅፋቂው ሳይሆን አስተሳሰቡ ነው፤ ሦስቱ እግሮች፣ የተጎደጎደው መቀመጫ፣ የጌጥና የጥቅም አንድነት ነው። ቶኔት እንጨት የቆጠበበትን ብልሃት ያየ ተማሪ የጅማውን ቅርፅ በቆጣቢ አሠራር ሊያወጣው የማይችልበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የሥነ ጥበብ መምህሩ ተማሪዎቹን በርጩማውን ለሥዕል ማሳያነት ብቻ እንዲያዩት ሳይሆን እንዲለኩት፣ እንዲገለብጡት፣ እንዲቀመጡበትም ያድርግ። በሙዚየም ከወንበሩ ሥር የሚለጠፈው ጽሑፍ «የእገሌ ወንበር» ብሎ አይብቃ፤ እንጨቱን፣ መሣሪያውን፣ የተሠራበትን ቀዬ፣ ሲታወቅም የሠሪውን ስም ይናገር። የባህል ኃላፊውም ለዕቃው መደርደሪያ ሲያዘጋጅ ለጠራቢው ደቀ መዝሙር ማፍሪያ ቦታ ያዘጋጅ። ተቀማጭ ይነሣል፣ ይሻራልም። ወንበሩን በሚገባ የሠራ እጅ ግን ተተኪ ካላፈራ ሌላ ወንበር አይኖርም።