ወረዳ የሚመዘነው በክፉ ቀኑ ነው

አንድ የገጠር ወረዳ «ራሱን ችሏል» ወይም «ገና አልቻለም» የሚለው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመሠረተው በአንድ አኃዝ ላይ ነው፤ ይኸውም በምርት ዘመኑ በተሰበሰበው ኩንታል። አኃዙ ለሪፖርት ይመቻል፤ ወረዳን ከወረዳ ለማወዳደርም ያግዛል። ይሁን እንጂ የሚነግረው ኅብረተሰቡ በመልካም ዓመት ምን እንዳገኘ እንጂ በክፉ ዓመት እንዴት እንደሚሰነብት አይደለም። ራስን የመቻል ብቃትም ሆነ የአደጋ ዝግጁነት ሊለካ የሚገባው ግን በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ፍርዱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የቅርብ ታሪክ ያስረዳል። በ1977ቱ ረሃብ ምክንያት 600 ሺህ ያህል ሰዎች በአብዛኛው ከሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስደው ሰፍረዋል። በመተከል የሚገኘው ፓዌ ከሰፈራ ጣቢያዎቹ አንዱ ነበር። በዝናቡና በመሬቱ ስፋት ሲታይ ቦታው ተስማሚ መስሎ ነበር፤ ከደጋ የመጣውን ሰፋሪ ግን ወባ ክፉኛ ጎዳው። ባዶ የመሰለውም መሬት ጉሙዞች እያፈራረቁ የሚያርሱትና ለምነቱ እስኪመለስ የሚያሳርፉት ነበር። ዝናብና አፈር ተመዝነው ጤናና የነባሩ ሕዝብ አኗኗር በቅጡ ሳይመዘኑ ሲቀሩ ዋጋውን የከፈሉት ሰፋሪውም ነባሩም ናቸው።

ተመሳሳይ ጥያቄ ዛሬም በሌላ መልክ ይነሣል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በየዓመቱ ለወራት ምግብ የሚያጥረውን ቤተሰብ ይደግፋል፤ ቤተሰቡ ጥሪት ሲያፈራ ደግሞ «ይመረቃል»። ምረቃው በጥሩ ምርት ማግስት በተወሰደ ልኬት ላይ ከቆመ ቀጣዩ ድርቅ ተመራቂውን ያለ ድጋፍ ያገኘዋል።

ለመሆኑ ኩንታል ብቻውን ለምን አይበቃም? የመጀመሪያው ምክንያት ምርትና ምግብ አንድ አለመሆናቸው ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት የወሎን የ1965–66 ዓ.ም. ረሃብ ሲመረምር፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የነበረው የምግብ መጠን ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም እጅግ እንዳልናረ አሳይቷል። አርሶ አደሩ ሰብሉ ሲጠፋበት የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የመግዣ አቅሙንም አጥቶ ነበርና እህል ከወሎ ወደ ሌሎች ከተሞች እስከ መውጣት ደርሷል። ስለዚህ መዛኙ «ምን ያህል ተመረተ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ሰብሉ ቢጠፋ በምን ይገዛል?» የሚለውን ማስከተል አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት ጎተራ ነው። በአገራችን የእርዳታ አሰጣጥ የተለመደው የእህል ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ ስሌት አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ለስድስት ወር 4.5 ኩንታል ያስፈልገዋል። ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛውን ነቀዝ ቢያጠፋው የቀረው 3.6 ኩንታል አምስት ወር እንኳ አይሞላም። ይህ ምሳሌ ብቻ ቢሆንም አየር የማያስገባ ከረጢት ወይም የተሻሻለ ጎተራ የማዳበሪያን ያህል ትኩረት ሊሰጠው እንደሚገባ ያመለክታል።

ሦስተኛው ምክንያት መጠባበቂያ ነው። እንሰት አብቃይ አካባቢዎች በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራሉ፤ ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ቢወስድም በተፈለገ ጊዜ ሊፋቅ ይችላል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከንም አፈርና ውኃን በመያዝ ደረቅ መሬት ሕዝብ እንዲመግብ አስችሏል። ሆኖም እያንዳንዱ ብርታት ወሰን አለው። እንሰትን አጠውልግ በሽታ ያጠቃዋል፤ እርከንም የዘነበውን ይይዛል እንጂ ያልዘነበውን አያመጣም። ስለሆነም ብርታቱ ከነወሰኑ መመዝገብ ይኖርበታል።

አራተኛው ምክንያት ማኅበራዊ ትስስር ነው። እድር፣ ደቦና ወንፈል ብዙውን ጊዜ የዝግጁነት ማስረጃ ተደርገው ይጠቀሳሉ። አንድ ቤት ሲቃጠል ወይም አንድ በሬ ሲሞት እውነትም ይደርሳሉ። ድርቅ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚመታ ሰጪውም ተቀባዩም እኩል ይቸገራሉ። በእንዲህ ያለው ጊዜ ይበልጥ የሚጠቅመው ዝናቡም ሰብሉም ከሚለይ አካባቢ ጋር ያለ ዝምድና ነው፤ ደገኛው ቆላ ያለው ዘመድ፣ ቆለኛውም ደጋ ያለው አበልጅ። ከዚህ አንጻር ራስን መቻል ከሌላው መነጠል ማለት አይደለም፤ ከዙሪያው የተነጠለ ወረዳ እንዲያውም ይበልጥ ተጋላጭ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ወረዳ ቡናን ወይም ሰሊጥን የመሳሰለ በሚያዋጣው ምርት ላይ አተኩሮ እህልን ከገበያ ቢገዛ፣ ችግር ሲደርስም አገር ቢረዳው አይሻልም ወይ? በመልካም ዓመት ክርክሩ ያስኬዳል። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ሳቢያ በደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ አስፈልጓቸው ነበር። ከውጭ የተገዛ እህል በመርከብ ጅቡቲ እስኪደርስ፣ ከዚያም በከባድ መኪና ተጭኖ ቀበሌ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል። ያ ጊዜ የወረዳው ነው። ዝግጁነት ማለትም እርዳታን አለመፈለግ ሳይሆን እርዳታ እስኪደርስ ጥሪትን ሳይሸጡና ቀዬን ሳይለቁ መቆየት መቻል ነው።

ስለዚህ የወረዳ መመዘኛ ከኩንታል ወደ ወራት መሸጋገር አለበት፦ ዝናብ ቢቀር፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ገበያ ቢቀዘቅዝ፣ ድሃው ቤተሰብ ስንት ወር ይቆያል? የመጠጥ ውኃውስ? ለአደጋ ጊዜ በዓለም አቀፍ ደረጃ በዝቅተኛነት የተቀመጠው ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ከየትኛው ምንጭ ይገኛል፤ ያ ምንጭስ በደረቁ ዓመት ይፈስሳል?

ይህን ለመመለስ የምርምር ልማዳችንም መታረም ይኖርበታል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመስክ መረጃ በብዛት የሚሰበሰበው መንገዱ ደረቅ፣ አርሶ አደሩም ጊዜ ባለው በጥርና በየካቲት ነው። በመኸር አብቃይ አካባቢዎች ግን ይህ ጎተራው የሞላበት ወቅት ነው፤ ረሃቡ የሚጠናው በሐምሌና በነሐሴ፣ መኪና በማይገባበት ጭቃ ወቅት ነው። በበልግ በሚተዳደሩትም ዘንድ የችግሩ ወራት ይለያሉ። የወረዳን ብቃት ለመዳኘት የሚነሣ ተመራማሪ ከመጠይቁ በፊት የመሄጃ ወሩን ያስብበት፤ ጎተራ ሲሞላ የተጠየቀ ሰው ስለ ባዶ ጎተራ የሚሰጠው መልስ ከትዝታ አያልፍምና።