ኮሪያ በሯን እየከፈተች ያለችው ለአያቶቻችን ብላ ነው?

የካ ክፍለ ከተማ፣ እንጦጦ ግርጌ ያለው ኮሪያ ሰፈር ያደገ ልጅ ይህችን አባባል ሳይሰማ አያድግም፦ «አያትህ ዘማች ከሆኑ ኮሪያ በነጻ ትማራለህ።» አሁን ወሬው ከሰፈር ወጥቶ ቲክቶክ ላይ ደርሷል፤ ደላላውም ተቀብሎ ይሸጠዋል። እኛም በውስጥ መስመር ስንጠየቅ ከርመናል። እስኪ እውነቱን ከወሬው እንለየው።

ውለታው እውነት ነው። ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ተራ በተራ ኮሪያ ዘምተዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም ሰው አልተማረከም። ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከነሱ ነው። ደርግ ሲመጣ ግን «ኮሚኒስት የተዋጉ» ተብለው ብዙዎቹ ታሪካቸውን ደብቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ኖሩ። የሚገርመው፣ እዚህ ሲረሱ እዚያ አልተረሱም። ቹንቾን በምትባለው ከተማ ሐውልታቸው ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሟል፤ ያኔ ጃንሆይም ሄደው ነበር። ቹንቾንና አዲስ አበባ ዛሬ እህትማማች ከተሞች ናቸው።

ግን ውለታ ሌላ፣ የትምህርት ፖሊሲ ሌላ።

የኮሪያ መንግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ አንድ ዕቅድ ይፋ አደረገ፦ እስከ 2027 ድረስ 300 ሺህ የውጭ ተማሪዎች ማስገባት። ለምን? ልጅ ስለጠፋ ነው። በዚያው ዓመት አንዲት ኮሪያዊት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የተሰላው አማካይ ቁጥር 0.72 ነበር፤ አንድ እንኳን አይሞላም። ከሴኡል ራቅ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ወንበራቸውን የሚሞላ ተማሪ አጥተዋል። ስለዚህ በሩ የሚሰፋው በዋናነት ለአያቶቻችን ተብሎ ሳይሆን ተማሪ ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? በሩ ሁለት ስለሆነ፣ ደላላው ደግሞ አንድ አስመስሎ ስለሚሸጠው።

አንደኛው በር የኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ በአጭሩ ጂኬኤስ ነው። የአውሮፕላን ትኬት፣ የትምህርት ክፍያ፣ ወርሃዊ አበልና የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ይሸፍናል። አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ ወይም በቀጥታ በዩኒቨርሲቲ በኩል ይመለከታል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ25 በታች፣ ለማስተርስና ለዶክትሬት ከ40 በታች፣ ውጤት ደግሞ ከመቶ 80 እና በላይ ይጠይቃል። የዘማች ዘር መሆን ተጨማሪ ነጥብ ያስገኛል፤ በቃ፣ ነጥብ ነው እንጂ ወንበር አይደለም። ቶፒክ የሚባለውን የኮሪያኛ ፈተና ማለፍም እንዲሁ ነጥብ ያስጨምራል፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ አያት አያስፈልግም።

ሁለተኛው በር በራስ ወጪ የሚገባበት የቋንቋ ትምህርት ነው፤ ቪዛው ዲ-4 ይባላል። ሕጋዊ ነው፣ የሚያዋጣውም ሰው አለ። ችግሩ «እየሠራችሁ ትከፍሉታላችሁ» የሚለው ማባበያ ነው። በዚህ ቪዛ የገባ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት መሥራት አይፈቀድለትም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ፈቃድ ማውጣት አለበት፣ ሰዓቱም የተገደበ ነው። ቤተሰብ መሬት ወይም መኪና ሸጦ የላከው ልጅ እነዚያን ስድስት ወራት በምን ይኖራል? ይህን የማይነግራችሁ ደላላ ስለ ቃኘው ጀግንነት ግን አንድ ሰዓት ያወራላችኋል።

በየትኛውም በር ብትገቡ ቋንቋው ይጠብቃችኋል። የጂኬኤስ ተማሪ በዓመቱ ቶፒክ ሦስተኛ ደረጃ ካልደረሰ ስኮላርሺፑ አደጋ ላይ ይወድቃል። ድራማ ከነትርጉሙ ማየት እዚያ አያደርስም። ደግነቱ አማርኛ ተናጋሪ ባዶ እጁን አይጀምርም። «እኔ ምሳ በላሁ» ስንል ግሱን መጨረሻ እንደምናስቀምጠው ኮሪያኛም እንደዚያው ነው። «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለየው ሰው፣ ኮሪያዊው ገና ሲተዋወቅ ዕድሜ ለምን እንደሚጠይቅ ቶሎ ይገባዋል። ድራማ ላይ የምንሰማው «ኦፓ» ከኛ «ጋሼ» ብዙም አይርቅም (ለፍቅረኛ ከመባሉ በቀር!)። ፊደላቸው ሃንጉል መሠረታዊ ሆሄያቱ 24 ብቻ ናቸው፤ ሁለት መቶ ምናምን ፊደል ለቆጠረ ልጅ ይህ ምን አላት?

አንድ ነገር ደግሞ ሰልችቶናል። «ያኔ ኮሪያ ከኛ በታች ነበረች» እየተባለ በየመድረኩ ይለፈፋል፤ እንዴት እንደተለወጠች ግን የሚናገር የለም። ለምሳሌ ኮሪያ በ1950 እ.ኤ.አ. አካባቢ የባለርስቱን መሬት ለአራሹ በግል ንብረትነት ሸጠችለት። እኛ በ1967 ዓ.ም. ባለርስቱን ስናስወግድ መሬቱን የመንግሥት አደረግነው። የቱ ይሻላል የሚለው ክርክር ይቆየን። ግን ይህን ከኮሪያኛ ሰነድ አንብቦ የሚያብራራልን የራሳችን ሰው ቢኖር ለአገር ይጠቅም ነበር። ከሚሄዱት ብዙዎቹ ምህንድስናና ኮምፒውተር ይመርጣሉ፤ አንፈርድባቸውም፣ ሥራ እዚያ ነው ያለው። ግን የኮሪያን ታሪክና ማኅበረሰብ የሚያጠና ጥቂት ሰው እንኳን ያስፈልገናል።

ለማመልከት ላሰባችሁ፦ የማስተርስና የዶክትሬት ጥሪ ብዙውን ጊዜ የካቲት አካባቢ፣ የመጀመሪያ ዲግሪው መስከረም አካባቢ ይወጣል። በኤምባሲ በኩል ለማመልከት ክፍያ የለም፤ «የምዝገባ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ ለኪሱ ነው። በዘማች ዘርነት የምታመለክቱ ደግሞ የአያታችሁ ዘማችነትና የእናንተ ዝምድና በወረቀት መረጋገጥ አለበት። ዘማቾቹ ዛሬ በሕይወት ካሉ ዘጠናን የተሻገሩ ናቸው። ሰነዱ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ አሁኑኑ ጠይቋቸው።